የመርከብ የክርስትና እናት ሆነው ከተመረጡ፦ ጠርሙሱ በአንድ ምት እንዲሰበር

አዲስ መርከብ ስም ወጥቶላት ወደ ባሕር ስትሸኝ፣ እንደ ባሕረኞች ልማድ ፊቷ ላይ የሚያርፈው የመጠጥ ጠርሙስ በመጀመሪያው ምት መሰበር አለበት። ይህን የምለው ገድ ስለምቆጥር አይደለም። በዚያች መርከብ ላይ ወራትን የሚያሳልፉት ሰዎች ዕለቱን ቆመው ያዩታል፤ ያዩትንም ይዘውት ይሄዳሉ። ማዕበል ሲበረታ፣ ሞተር ሲያስቸግር፣ ከቤት ወሬ ሲጠፋ፣ ያ ቀን በሻይ ሰዓት ይነሣል። ጠርሙሱ ጥርት ብሎ ተሰብሮ ከነበረ ወሬው ደስ ይላል። ሳይሰበር ከቀረ ደግሞ ለሚፈታ ብሎን ሁሉ ሰበብ ይሆናል።

ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ከሚገኘው የባሕረኞች ማሠልጠኛ የወጣሁ የመርከብ መሐንዲስ ነኝ። ሥራዬ ብዙውን ጊዜ አዳዲስ መርከቦችን ከሚሠሩበት ቦታ፣ በተለይም ከደቡብ ኮሪያ፣ ተረክቦ ማውጣት ነው። ስለዚህ የስያሜውን በዓል የማውቀው ከእንግዶች ወንበር ሳይሆን ከመርከቧ ወገን ሆኜ ነው። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት በአውሮፓ በአንድ የጭነት ድርጅት ቢሮ የምትሠራ እህታችን ለአዲስ መርከብ የክርስትና እናት፣ ማለትም ስም አውጥታ ጠርሙሱን የምትሰብር ሴት፣ ሆና ተመርጣ በደወለችልኝ ጊዜ ነው። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ብስተውስ፣ ወንድሜ?» የሚል ነበር። ለእርሷ የነገርኳትን አስፋፍቼ እነሆ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተጠሩት ለየትኛው ቀን ነው?

መርከብ ከብረት ክምር ተነሥታ ሥራ እስክትጀምር ድረስ ከአንድ በላይ በዓል አላት፤ ግብዣው ለየትኛው እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። የመጀመሪያው የመርከቧ አከርካሪ የሚሆነው ብረት የሚጣልበት ቀን ነው። በአሜሪካ ባሕር ኃይል በዚህ ቀን የክርስትና እናቲቱ የስሟን መነሻ ፊደላት በብረት ሳህን ላይ በጠመኔ ትጽፋለች፤ በያጁም ፊደሎቹን ተከትሎ በብየዳ ያትማቸዋል፤ ሳህኑ ከመርከቧ ጋር ዕድሜዋን ሙሉ ይኖራል። ሚሼል ኦባማ «ኢሊኖይ» ለተባለችው ሰርጓጅ መርከብ የክርስትና እናት ሲሆኑ ፊደላቸው በሮድ አይላንድ የታተመው በጁን 2014 ነው። ጠርሙሱን የሰበሩት ደግሞ በኦክቶበር 2015 ግሮተን፣ ኮኔቲከት ውስጥ ነው። በሁለቱ መካከል ከአንድ ዓመት በላይ አለ። ግብዣው አንድ ቀን ብቻ የሚፈጅ የሚመስለው ሰው ይህን ልብ ይበል።

ሁለተኛው መርከቧ ከተሠራችበት ተዳፋት ተንሸራትታ ውሃ የምትነካበት ቀን ነው። በድሮው ሥርዓት ስሙም የሚወጣው በዚሁ ቅጽበት ነበር። እዚህ ላይ መዘግየት የለም፤ መርከቧ መንሸራተት ከጀመረች ማንም አያቆማትም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1943 በኒውፖርት ኒውስ፣ ቨርጂኒያ፣ «ዮርክታውን» የተባለችው የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ከተያዘላት ሰዓት ቀድማ መንቀሳቀስ ጀመረች። የክርስትና እናቷ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባለቤት ኤሊኖር ሩዝቬልት ነበሩ። የፕሮግራሙን ተራ ሳይጠብቁ ጠርሙሱን ይዘው ወዲያው በመርከቧ ፊት ላይ ሰበሩት። ለሥነ ሥርዓቱ አዘጋጆች ሁሉ የምነግረው ታሪክ ይህ ነው፦ ንግግር ቢያመልጥ ያምልጥ፤ እጅዎ ግን ከጠርሙሱ አይራቅ።

ዛሬ ትልልቅ የንግድ መርከቦች የሚሠሩት ውሃ በሚገባበት ገንዳ ውስጥ ስለሆነ፣ ሲያልቁ ገንዳው ይሞላና ይንሳፈፋሉ። የስያሜው በዓል የሚደረገው ከዚያ በኋላ፣ መርከቧ ወደብ ዳር ታስራ፣ ቀለሟ ደርቆ፣ ለባለቤቷ ልትሰጥ ስትል ነው። እርስዎ የተጋበዙት ለንግድ መርከብ ከሆነ ምናልባት ለዚህኛው ነው። የሚረጋጉበት ጊዜ አለዎት።

ጠርሙሱ

ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው፤ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አይፈረድብኝ።

የሻምፓኝ ጠርሙስ እንዳይሰበር ተብሎ የተሠራ ዕቃ ነው። በውስጡ ያለው ጋዝ ከከባቢው አየር ስድስት እጥፍ ያህል ግፊት አለው፤ ያንን ለመቻል ሲባል መስታወቱ ወፍራም፣ ግርጌው ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ሰፊና ለስላሳ በሆነ ብረት ላይ ቢወረውሩት ምቱ ተበትኖ ይቀርና ነጥሮ ይመለሳል። ሜይ 30 ቀን 1945 በዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባለቤት ቤስ ትሩማን ለሕሙማን ማመላለሻ አውሮፕላን ስም እንዲያወጡ ተጋብዘው ጠርሙሱን ደጋግመው ቢመቱትም አልሰበር አለ። ችግሩ የክንዳቸው ድካም አልነበረም፤ ጠርሙሱን አስቀድሞ በመቁረጫ የጫረው ሰው አልነበረም። ሁኔታው በፊልም ተቀርጾ እስከ ዛሬ ይታያል።

ስለዚህ ጠርሙሱ ይጫራል። የሚያስፈልገው መስታወት ቤቶች የሚጠቀሙበት ባለ ትንሽ ጎማ መቁረጫ፣ የቆዳ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና ወፍራም ፎጣ ነው። ጠርሙሱን በፎጣው ጠቅልለው ሆዱን ብቻ ያውጡ። የሚመታውን ጎን ለይተው ከትከሻው ወደ ግርጌው የሚወርዱ ጭረቶችን አስምሩ፤ ጭረቶቹ የጣት ስፋት ያህል ይራራቁ። ከዚያ እነሱን የሚያቋርጡ ሁለት አግድም ጭረቶች ይጨምሩ። መቁረጫው በመስታወቱ ላይ ሲሄድ ቀጭን የሲጥታ ድምፅ ያሰማል፤ ያ ድምፅ ሳይቋረጥ ከመጣ ጭረቱ ገብቷል ማለት ነው። በአንዱ ጭረት ላይ ደግመው አይመለሱበት። አንገቱን ጨርሶ አይንኩ፤ ገመዱ የሚታሰረው እዚያ ስለሆነ መጠንከር አለበት።

የተጫረ ጠርሙስ አደገኛ ነው። ግፊቱ እንዳለ ነው፤ የሚችለው ግድግዳ ግን ተዳክሟል። ስለዚህ መጫሩን በበዓሉ ዕለት ጠዋት እንጂ ከሳምንት በፊት አያድርጉት፤ አይነቅንቁት፤ ፀሐይ ላይ አያስቀምጡት። ማቀዝቀዣ ውስጥም አይክተቱት፤ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርድና ለመሰበር የሚያግዘው ኃይል ይቀንሳል። በስፖንጅ በተሸፈነ ሳጥን ውስጥ፣ ጥላ ሥር፣ አንድ ኃላፊ ተመድቦለት ይቆይ። ሁለተኛ ጠርሙስም በተመሳሳይ ሁኔታ ተጭሮ ይዘጋጅ። ሁለተኛው እንዳለ እንግዶቹ ማወቅ የለባቸውም፤ የክርስትና እናቲቱ ግን ትወቅ። ማወቋ እጇን ያረጋጋዋል።

ስብርባሪው ሰው እንዳይጎዳ ጠርሙሱን ጥቅጥቅ ባለ መረብ ያልብሱት። የጦር መርከቦች ጠርሙስ ብዙውን ጊዜ በብረት መረብ ተሸፍኖ በሪባን ያጌጣል፤ መረቡ መስታወቱን ሲይዝ መጠጡን ያሳልፋል። መረቡ ላይ ሪባን ማብዛት ግን አልወድም፤ ጨርቁ ምቱን ይውጠዋል። ሪባኑን አንገቱ ላይ ብቻ እሰሩት።

ገመዱና ኢላማው

«ብስተውስ?» ለሚለው መልሱ ገመዱ ነው። ጠርሙሱ ከመርከቧ ፊት ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ገመድ ጋር ስለሚታሰር፣ ከእጅ ሲለቀቅ እየተወዛወዘ መድረስ ያለበት ቦታ ይደርሳል። ሥራው የሚለካው በገመዱ ርዝመት ነው። ጠርሙሱ ብረቱን መምታት ያለበት ውዝዋዜው ዝቅተኛው ነጥብ ላይ ሲደርስ ነው፤ ፍጥነቱ የሚበረታው እዚያ ነው። ገመዱ ካጠረ ጠርሙሱ ገና ኃይል ሳያገኝ ይነካል፤ ከረዘመ ደግሞ መድረኩን ይገጫል። ከበዓሉ በፊት ባለው ቀን ተመሳሳይ ክብደት ባለው፣ ውሃ በተሞላና ፎጣ በተጠቀለለ ጠርሙስ እየሞከሩ ርዝመቱን ያስተካክሉ።

ጠርሙሱ የሚያርፍበትን ቦታ እኔ ራሴ ሄጄ በእጄ ዳስሼ ነው የምመርጠው። ለስላሳው ገጽ አይሆንም። የብየዳ ስፌት ያበጠበት ወይም ጠርዝ ያለው ብረት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ከሌለ፣ ጠባብ ባለ ማዕዘን ብረት ለጊዜው ይገጠምና በመርከቧ ቀለም ይቀባል፤ ከሩቅ አይታይም። ምቱ በቀጭን መስመር ላይ ሲያርፍና ያ መስመር ከጭረቶቹ ጋር ሲገናኝ፣ መለስተኛ ውዝዋዜ ይበቃል። ለዚህም ነው ጠርሙሱ እንዳይዞር ገመዱን ሁለት ቦታ ማሰር የሚጠቅመው፤ የተጫረው ጎን ዞሮ ካልተጫረው ከመታ ድካሙ ሁሉ መና ይቀራል።

በኮሪያና በጃፓን የክርስትና እናቲቱ ጠርሙሱን በእጇ አትይዘውም። ገመዱ በትንሽ እንጨት ላይ ተወጥሮ ይጠብቃታል፤ በትንሽ ያጌጠች መጥረቢያ ትቆርጠዋለች። ገመዱ ሲበጠስ ጠርሙሱ ይለቀቃል፤ በመርከቧ ፊት የተሰቀለው ክብ ኳስ ተከፍቶ ባለ ቀለም ወረቀትና ሪባን ይዘንባል። ለዚህ የሚያስፈልገው ኃይል ሳይሆን ዓይን ነው፦ መጥረቢያውን ከላይ ቀጥ አድርገው፣ ገመዱ እንጨቱ ላይ በተኛበት ቦታ ያውርዱት። ሲፈሩ በስለቱ ጎን መምታት የተለመደ ስለሆነ ከእንግዶቹ በፊት ገብተው በሌላ ገመድ ይለማመዱ። ንግሥት ኤልሳቤጥ በጁላይ 2014 በስኮትላንድ ሮሳይት «ኩዊን ኤልሳቤጥ» ለተባለችው የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ጠርሙሱን የለቀቁት አዝራር ተጭነው ነው፤ ይህም ያው ነው፣ ክብሩ አይቀንስም።

ለመሐንዲሶች አንዲት ቃል፦ ጠርሙሱ በተሰበረበት ቅጽበት የመርከቧ ጥሩምባ መጮኽ አለበት። በትልልቆቹ መርከቦች ላይ ጥሩምባው የሚሠራው በታመቀ አየር ነው። አየሩ ሙሉ መሆኑን፣ ቫልቩ መከፈቱን ከበዓሉ በፊት ያረጋግጡ፤ ካፒቴኑ መርከቧን በሚመራበት ከፍ ያለ ክፍል፣ ማለትም ድልድዩ ላይም፣ ጠርሙሱን በዓይኑ የሚያይ ሰው ሬዲዮ ይዞ ይቁም። ጥሩምባው ዘግይቶ ሲጮኽ የሰው ደስታ መሀል ላይ ይሰነጠቃል። ያ የመጀመሪያ ረዥም ድምፅ ሲወጣ፣ ነጭ ቱታ ለብሰው የተሰለፉት ሠራተኞች ፊታቸው ሲበራ ማየት የዚህ ሥራ ትልቁ ደመወዜ ነው።

በጠርሙሱ ውስጥ ምን ይግባ?

ሻምፓኝ ግዴታ አይደለም። «ኮንስቲትዩሽን» የተባለችው የአሜሪካ መርከብ በ1797 ቦስተን ላይ የተሰየመችው በማዴይራ ወይን ነው። ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1953 የቤተ መንግሥቱን መርከብ «ብሪታኒያ»ን ሲሰይሙ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለፈ ገና ብዙ ስላልቆየ ሻምፓኝ ቅንጦት ነው ተብሎ የቅኝ ግዛቶቹ ወይን ቀረበ። በ2014 ሮሳይት ላይ የተለቀቀው ደግሞ ከስኮትላንድ ደሴት የመጣ ውስኪ ነበር። በአሜሪካ የአልኮል ክልከላ ዘመን መርከቦች በውሃና በፍራፍሬ ጭማቂ ተሰይመዋል።

የእኔ ምርጫ ከመርከቧ ስም ጋር የሚዛመድ ነገር ነው። «አሪዞና» የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ በ1915 ብሩክሊን ላይ ስትሰየም ሁለት ጠርሙሶች ተሰብረዋል፤ አንዱ ወይን፣ ሌላው በአሪዞና ከሚገኘው የሩዝቬልት ግድብ የተቀዳ ውሃ የያዘ። የኢትዮጵያ የንግድ መርከቦች ጊቤ፣ ሸበሌ፣ ሰመራ፣ ጅግጅጋ እየተባሉ ስማቸውን ከወንዞቻችንና ከከተሞቻችን ወስደዋል። ወደፊት በወንዝ ስም የምትጠራ መርከብ የምትሰይም እህት ካለች፣ ከዚያው ወንዝ የተቀዳ አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዛ ብትሄድ እመኛለሁ። ከሠራተኞቹ መካከል መጠጥ የማይነኩ ሙስሊሞች ካሉም ውሃው ሁሉንም ያስማማል። ነገር ግን ውሃ ግፊት ስለሌለው ጠርሙሱን አያግዝም፤ ቀጭን መስታወት ይምረጡ፤ ጭረቱንም ያብዙ።

ቃሉ

እንግሊዞች ዘንድ የተለመደው ቃል አጭር ነው፦ «ይህችን መርከብ እገሊት ብዬ ሰይሜአታለሁ። እግዚአብሔር እርሷንና በእርሷ የሚጓዙትን ሁሉ ይባርክ።» በቃ። ረዥም ንግግር ካለዎት ከዚህ በፊት ያድርጉት፤ ከስሙ በኋላ የሚመጣው ቡራኬና ምት ብቻ ነው። ስሙን ከሁሉ ቀስ ብለው፣ ከሁሉ ጎላ አድርገው ይጥሩ። የ«ብሪታኒያ» ስም ንግሥቲቱ እስኪናገሩት ድረስ በምስጢር ተይዞ ነበር፤ ሕዝቡ ስሙን ሲሰማ በእልልታና በጩኸት ተቀበለው። የውጭ ቋንቋ ስም ከሆነ ባለቤቶቹ እንዴት እንደሚጠሩት አስቀድመው ይጠይቁ። ስሙን አዛብቶ የሚጠራ ሰው መርከቧን ገና በደጃፏ ያሳዝናታል።

የመጨረሻውን ግማሽ ዓረፍተ ነገር፣ «በእርሷ የሚጓዙትን ሁሉ» የሚለውን፣ ሲሉ ወደ እንግዶቹ ሳይሆን ወደ ሠራተኞቹ ይመልከቱ። ይህን ለማንም ሳልነግር አላልፍም።

ለብረት ክርስትና ማለት ይከብዳል የሚሉ አሉ፤ ስጋታቸውን አከብራለሁ። ይህ ምሥጢረ ጥምቀት አይደለም፤ ስም ማውጣትና መባረክ ነው። እኛስ አዲስ መኪና ስንገዛ ጸበል እናስረጭ የለ? በሕንድ ባሕር ኃይል ከመርከቧ ፊት ላይ ኮኮናት ይሰበራል፤ እዚያም ስም የምታወጣው ሴት ናት። ሁሉም በየእምነቱ የሚለው አንድ ነው፦ ሄዳችሁ በሰላም ተመለሱ።

ባይሰበርስ?

ሁለተኛውን ጠርሙስ ያቅርቡ፤ ፊትዎ አይጥቆር፤ ፈገግ ብለው ይድገሙት። በዲሴምበር 2007 በእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን፣ የያኔው አልጋ ወራሽ የቻርልስ ባለቤት ካሚላ የመንገደኞች መርከቧን «ኩዊን ቪክቶሪያ»ን ሲሰይሙ ጠርሙሱ አልተሰበረም። ከሳምንታት በኋላ ተሳፋሪዎች ሆድ ሲታመሙ ጋዜጦች እርግማን ነው አሉ። «ኮስታ ኮንኮርዲያ» የተባለችው የመንገደኞች መርከብም በ2006 ስትሰየም ጠርሙሷ አልተሰበረም፤ በጃንዋሪ 2012 በጣሊያን ጂሊዮ ደሴት ዳር ከዓለት ጋር ተጋጭታ 32 ሰዎች ሞቱ። ይህን የሚተርኩ ሰዎች መርከቧ ከሚገባው በላይ ወደ ደሴቱ ተጠግታ እንደነበር መናገር ይረሳሉ። ዓለቱን ጠርሙሱ አላመጣውም።

«ታይታኒክ» ስም ያልወጣላት ስለሆነች ሰጠመች የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ በ1911 ቤልፋስት ላይ ጠርሙስ አልተሰበረላትም፤ የባለቤቶቿ ልማድ አልነበረም። ግን ታላቅ እህቷ «ኦሊምፒክ»ም እንዲሁ ያለ ጠርሙስ ውሃ ገብታ እስከ 1935 ድረስ ሠርታለች። «ኮንስቲትዩሽን» ደግሞ ሁለት ጊዜ አልንሸራተትም ብላ በሦስተኛው ነው ውሃ የነካችው፤ እርሷ ግን እስከ ዛሬ ቦስተን ላይ ተንሳፋ ትገኛለች። እነዚህን ታሪኮች በኪስዎ ይያዙ። ጠርሙሱ እምቢ ካለ ከበዓሉ በኋላ ወደ ሠራተኞቹ ሄደው ይንገሯቸው፤ ማጽናኛ ይሆናሉ።

ለትናንሽ ጀልባዎች

በጣና ወይም በሐዋሳ ለሚንሳፈፍ የፋይበር ጀልባ ጠርሙስ አይሰበርም፤ ገላውን ይሰነጥቀዋል፤ ስብርባሪውም ሐይቁ ውስጥ ይቀራል። ያፍስሱ። ይህም የቆየ ሥርዓት ነው፦ በ1610 የእንግሊዙ ልዑል ሄንሪ «ፕሪንስ ሮያል»ን ሲሰይም ከወርቅ ዋንጫ ጠጥቶ የቀረውን በመርከቧ ላይ አፍስሷል። ባለ ሸራ ከሆነች ከምሰሶው ሥር ሳንቲም ያኑሩ። ከለንደን የቴምዝ ወንዝ ጭቃ ውስጥ በ1962 የተገኘችው የሮማውያን ዘመን መርከብ ከምሰሶዋ ሥር የንጉሥ ዶሚሽያን ሳንቲም ነበራት፤ የዕድል አምላካቸው ምስል ያለበት ጎን ወደ ላይ ዞሮ።

አሮጌ መርከብ ገዝተው ስሟን መለወጥ ከፈለጉ አይፍሩ፤ ግን በክብር ያድርጉት። የድሮው ስም ከፊቷ፣ ከኋላዋ፣ ከነፍስ አድን ዕቃዎቿ ሁሉ ይጥፋ፤ አዲሱ የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ዋና መርከብ የነበረችው «ኢትዮጵያ» በመጀመሪያ «ኦርካ» ተብላ በ1942 በዋሽንግተን ግዛት ውሃ የገባች የአሜሪካ መርከብ ናት። በ1962 ለእኛ ስትሰጥ ስሟ ተለወጠ፤ ከዚያም እስከ 1991 ድረስ በቀይ ባሕር ላይ በአዲሱ ስሟ ኖራለች።

ከበዓሉ በኋላ

የጠርሙሱን አንገት ከነሪባኑ ከመረቡ ያውጡት፤ ሹል ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አለስልሰው በእንጨት ሳጥን ያስቀምጡት። ብዙ የክርስትና እናቶች ይህን ለልጆቻቸው ያወርሳሉ። ፎቶግራፍዎን በትልቁ አሳትመው፣ ከታች ፈርመው ለመርከቧ ይስጡ፤ ሠራተኞቹ በሚመገቡበት ክፍል ይሰቀላል። ዕለቱኑ መርከቧን ሲጎበኙ ድልድዩ ላይ ብቻ አይቅሩ፤ ወደ ማሽን ክፍልና ወደ ማእድ ቤት ይውረዱ፤ ተረከዙ ዝቅ ያለ ጫማ ይዘው ይሂዱ፤ ደረጃው ቀጥ ያለ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው የዓመታት ሥራ ነው። የመርከቧን ስም በየጊዜው በኢንተርኔት የመርከቦች መከታተያ ላይ ይፈልጉ፤ የት እንዳለች ያሳያል። ለገናና ለዓመት በዓል ለካፒቴኑና ለሠራተኞቹ ደብዳቤ ይላኩ፤ በድርጅቱ ቢሮ በኩል ይደርሳቸዋል። ያች አውሮፓ ያለችው እህታችን መርከቧ በዓል ባሕር ላይ ስታሳልፍ ለወጥ ቤቱ በርበሬና ሽሮ ትልካለች፤ ፊሊፒናዊው ወጥ ሠሪ እንዴት እንደሚሠራ ጽፋ አብራ አድርጋለት ነበር፤ እርሱም የሠራውን ሽሮ ፎቶ አንሥቶ ላከላት።